ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ባለቤቴን ግርማን ከቀበርኩ ሰባት ወር፣ ሥራዬን ካስረከብኩ አምስት ወር ሆነኝ። የምጽፈው ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ሙቀቱን ሸሽቶ በሩን በሚዘጋበት ጊዜ ነው። አንዳንድ ቀን አንድ ገጽ ይሞላል፤ አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ ብዕሩን አስቀምጣለሁ። ቢሮ የቀሩት ወጣት ባልደረቦቼ «ሰው እንዴት እንደምታዪ ጽፈሽ ስጪን» ብለውኛል። እንዴት እንደማይ ለመጻፍ ግን አንድ ቀን እንዴት ሳላይ እንደቀረሁ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። የዘገየሁትም ለዚህ ነው።

የደመወዝ ወረቀቴ ላይ «ጸሐፊ» ይላል። እውነተኛው ሥራዬ ሄዶ ማየት ነበር። ሐጂያ ሙና በድሬዳዋው መጋላ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ሴቶች አዲስ በሚጀምሩት ሥራ ውስጥ ከራሷ ገንዘብ አውጥታ ትገባለች። ከመግባቷ በፊት እኔን ትልካለች፤ እኔ አይቼ የሆነውን እነግራታለሁ። ሃያ አንድ ዓመት ይህንኑ ሠራሁ።

እዚህ ላይ ስለ አጠራሩ አንድ ነገር ልበል። ያደግሁት ከደጋ በመጡ ሰዎች ቤት ነው፤ ትልቅ ሰው አንቱ ይባላል። ድሬዳዋ ደግሞ አንቱታ ብዙም አታውቅም። መጀመሪያ ሰሞን ሐጂያን «እርስዎ» ስላት ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ታይ ነበር።

«ማን መጣ?»

«ኧረ እርስዎን ነው።»

«አቦ ተይኝ፣ አሰለፈች። ብቻዬን ነኝ፤ ሁለት አታድርጊኝ።»

ስለዚህ እዚህም አንቺ እንዳልኳት እጽፋለሁ።

የተገናኘነው ፍርድ ቤት በር ላይ ነው። እኔ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። ሠራተኛ ሲቀነስ ጠረጴዛና ጃንጥላ ይዤ ከማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ተርታ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ጠዋት አበባ የበዛበት ድሪያ ቀሚስ የለበሰች ወፍራም ሴት መጥታ ከፊቴ ተቀመጠችና ውል አስጻፈችኝ።

«ትርፍ ካለ እንካፈላለን፤ ኪሳራ ካለ እንካፈላለን። እሱን ጻፊ።»

«ወለዱስ ስንት ይባል?» አልኳት።

«ወለድ ሐራም ነው። ደግሞም አበዳሪ አይደለሁም።»

«ታዲያ ምንሽ ብዬ ልጻፍ?»

«ሸሪኳ ነኝ። ከከሰረች አብሬያት እከስራለሁ።»

ያን ጊዜ ስንት ውል ጽፌአለሁ። ሰው ከሰው ትርፍ ሲጠይቅ፣ መያዣ ሲጠይቅ፣ ዋስ ሲጠይቅ ጽፌአለሁ። ከማያውቃት ሴት ኪሳራ ድርሻዬን ስጪኝ ብሎ ያስጻፈ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ከወረቀቱ ቀና ብዬ ፊቷን ያየሁት ያኔ ነው። በሳምንቱ ተመልሳ መጣችና፣ «ያን ቀን ቀና ብለሽ አየሽኝ። ሌሎቹ ወረቀቱን ነው የሚያዩት። እኔ ጋ ነይ» አለችኝ።

በቅርብ ዓመታት ላፕቶፕ ያነገቱ ወጣቶች ከየስብሰባው እየመጡ «ኤንጀል ኢንቨስተር» ይሏት ጀመር። ምን ማለት ነው አለች። አንዱ ልጅ፣ «መልአክ የሆነ ባለሀብት እንደማለት ነው» ብሎ ተረጎመላት።

«አስተግፊሩላህ» አለች። «መልአክ ትርፍ አይካፈልም፤ እኔ እካፈላለሁ። ሸሪክ በሉኝ፣ ይበቃኛል።»

አሁን አሠራሯን ልንገራችሁ። የሚመጣላትን ወረቀት መጀመሪያ አታነብም፤ የሚነበበው ቤቱ ከታየ በኋላ ነው። ሥራ ቦታው ስንደርስ ወንበር ቢቀርብላት አትቀመጥም፤ ጀሪካን ላይ፣ ጆንያ ላይ፣ ደረጃ ላይ ትቀመጣለች። ወንበር ላይ የተቀመጠ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ፊት ደግሞ ሰው የራሱን ጠባይ ይደብቃል ትላለች። ከዚያ ዝም። አንዳንዴ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም። የምትጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ እዚያ ቤት ማን ማንን እንደሚቆጣ።

«በሰው ቤት ማንም አይቆጣም» ትለኝ ነበር። «የምትቆጣዋን ስሚ። ባለቤቷ እሷ ናት። ብዕርሽን ደግሞ እነሱ ፊት አታውጪ፤ እጅ ሲጽፍ ጆሮ ይዘጋል።»

በመጨረሻ ስትነሳ፣ ልክ ጫማዋን የምትፈልግ አስመስላ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። «ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

ይህ ጥያቄ ከራሷ ሕይወት የወጣ ነው። የመጀመሪያ ሱቋ በስሟ ነበር፤ ንግድ ፈቃዱም፣ ግብሩም በስሟ። ቁልፉ ግን አሥራ አንድ ዓመት ወንድሟ ኪስ ውስጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት በስሟ የተጻፈ በር ላይ ቆማ ወንድሟ ቁርሱን እስኪጨርስ ትጠብቃለች። «ፀሐዩ እግሬ ላይ ሲደርስ ይመጣል» ትላለች። «ከመጋላ ድንጋይ ውስጥ የትኛው ቶሎ እንደሚሞቅ የማውቀው እኔ ነኝ።»

ጥያቄው የማይሠራበት ጊዜ አልነበረም ብል አላጋነንኩም። ሦስት እህትማማቾች ሳሙና ሥራ ጀምረው ጠሩን። ሁሉ ነገር አማረን፤ ቁልፉ የአጎታቸው ነበር። ሐጂያ፣ «ቁልፉ ሲዞር ጥሩኝ» ብላ ወጣች። ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ሦስቱም መጋላ ድረስ መጥተው ቁልፉን የጨርቅ መሸጫ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡት። ሐጂያ ቁልፉን አንስታ የታላቂቱ መዳፍ ላይ መለሰችና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው። «እኔ ጋማ ከሆነ ምኑን ዞረ» አለች። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። ጸሎት የሚያደርስ ሰው አጠገብ የቆምኩ መሰለኝ።

ከዓመታት በኋላ ጥያቄው የእኔም አፍ ላይ ገባ። የሐጂያ ጉልበት እየታመመ ሲመጣ ብቻዬን መሄድ ጀመርኩ። ስህተቴም የመጣው ያኔ ነው።

ኢፍቱ የምትባል ወጣት ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ የወተት ሥራ የጀመረች። ከዋሂል ገጠር በኩል ሴቶች የሚያመጡት ወተት ድሬ ሲደርስ ረፋዱ ይቀድመዋል፤ ሙቀቱ ያበላሸዋል። ኢፍቱ አንድ አሮጌ ፍሪዘር ገዝታ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ዘረጋች። ቀን ቀን ፀሐዩ ውሃ በረዶ ያደርግላታል፤ ሲነጋ የወተቱ ጣሳ በረዶው ውስጥ ይገባል። «ድሬ የማይጎድላት ፀሐይ ነው» ብላ ጽፋልን ነበር። «ወተታችንን የሚያበላሸውን ራሱን ቀጥሬ አሠራዋለሁ።» ሁለተኛ ፍሪዘር ለመጨመር ነበር ሸሪክ የፈለገችው።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ደረስኩ። በሩ ተቆልፏል። ኢፍቱ ከሃያ ጀሪካን ወተት ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት።

«ባለቤቴን። ቁልፉ እሱ ጋ ነው።»

ግማሽ ሰዓት ቆየን። ባልየው፣ አብዲ፣ በባጃጅ መጣና ከሱሪ ኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ከፈተ።

«ሁልጊዜ የሚከፍተው እሱ ነው?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

የሐጂያን ሱቅ በር፣ የጋለውን ድንጋይ አሰብኩ። እዚያው ቆሜ ወረቀት አወጣሁና «ቁልፉ ባልየው ጋ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከኋላዬ ኢፍቱ በኦሮምኛ ስትናገር ይሰማኛል። ኦሮምኛ አውቃለሁ፤ ድሬ ያደገ ሰው ያውቃል። እጄ ይጽፍ ስለነበር ግን የምትለውን አልሰማሁም። ፍሪዘሩንም ከፍቼ አላየሁም። ሐጂያ ያችን አንድ መስመር አንብባ የኢፍቱን ወረቀት ወደ ጎን አደረገችው።

ያን ቀን ምሳ ላይ ለግርማ አወራሁለት። ግርማ ዕድሜውን የባቡር ጥገና ክፍል ያሳለፈ ሰው ነው፤ ሲበላ እንኳ የሆነ ነገር የሚያዳምጥ ይመስላል።

«ለምን እሱ ጋ ሆነ?» አለኝ።

«ለምን ምን ያደርጋል? እሱ ጋ ነው።»

«እኛ ጋ ሞተር ቋ ቋ ስላለ አይጣልም። ምን ነክቶት ነው እንላለን።»

«ይሄ ሞተር አይደለም» አልኩትና ሳህኑን አነሳሁ።

ሁለት ዓመት ያህል አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ አቅጣጫ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ የፋብሪካ ጋውን የለበሰች ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ኢፍቱ ነበረች። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ ላዞር ስል፣ «እትዬ አሰለፈች፣ አልረሳሁሽም» አለችኝ።

የሆነውን ነገረችኝ። ያ አንዱ ፍሪዘር በግንቦት ሙቀት ሞተሩ ተቃጠለ። የዚያን ቀን የሴቶቹ ወተት በሙሉ ፈሰሰ። የፀሐይ ሰሌዳዎቹን ሸጣ ካሰቻቸውና ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባች።

«ቁልፉ ያንቺ ቢሆን ኖሮ…» ብዬ ጀመርኩ። አሁንም ጥፋቱን ወደ እሷ እየገፋሁ ነበር።

«የኔ እኮ ነበር።»

«እሱ ጋ ነው ብለሽኛል።»

ድሪያዋን ከጋውኑ ስር ሳብ አድርጋ አሳየችኝ። «ይሄ ኪስ አለው? ጎህ ሳይቀድ ዋሂል እወጣለሁ። ጀሪካን አነሳለሁ፣ መኪና ላይ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። አንድ ቀን ቁልፉን ሻሼ ጫፍ ላይ ቋጥሬው መንገድ ላይ ወደቀ። በሩን እስክንሰብር ወተቱ ተበላሸ። ከዚያ ወዲያ ሕግ አወጣሁ፤ ቁልፍ መንገድ አይሄድም። አብዲ ሱሪ ይለብሳል። አብዲ ኪሴ ነው።»

«ያን ቀን ግን አርፍዶ…»

«ጎማው ተንፍሶበት ነው። ምን ብዬ እንደሰደብኩት አልሰማሽም? ‘ሃያ ጀሪካን ፀሐይ ላይ አስቀምጠህ ገና አሁን ትመጣለህ?’ እያልኩት ነበር። አንገቱን ደፍቶ ነው የገባው።»

የምትቆጣዋን ስሚ። ከኋላዬ ስትቆጣ ነበር፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እጽፋለሁ።

«ጠይቄሽ ነበር እኮ» አልኳት፤ ድምፄ ራሴን አሳፈረኝ።

«ማን እንደሚከፍት ጠየቅሽኝ። ማን እንዳዘዘው አልጠየቅሽኝም።» ልትወርድ ስትነሳ ቆም አለች። «አንቺ ቤትስ? ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«ባለቤቴ ጋ» አልኩ፣ ሳላስበው።

«እሺ» አለችና ወረደች።

እውነት ነው። ግርማ ማታ የመጨረሻ ገቢ፣ ጠዋት የመጀመሪያ ተነሺ ነበር። የቤታችን በር ሰምጧል፤ በጉልበቱ ከታች ደግፎ ከፍ አድርጎ፣ ሁለቴ አዙሮ ይቆልፈዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ያን ድምፅ ሰምቼ ነው የተኛሁት። አንድም ቀን፣ የእኔ ቤት ነው ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ስለነበረ።

በማግስቱ ለሐጂያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ብዕሩንም ጭምር። ታባርረኛለች ብዬ ነበር፤ ብታባርረኝ ይቀለኝ ነበር።

«ጥያቄውን የሰጠሁሽ ዓይን እንዲከፍትልሽ ነው» አለች። «አንቺ ዘጋሽበት። እኔም ያላየሁትን እምቢ አልኩ። ኪሳራ ካለ እንካፈላለን ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም? ነይ፣ ድርሻችንን እንውሰድ። ባጃጅ ጥሪ።»

ጉልበቷ ቁልቁል መውረድ በማይችልበት ጊዜ ነው ይህ። ፋብሪካው በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፈረቃው እስኪወጣ ጠበቀች። ጥላ ስር እንሂድ ብላት፣ «ይሄን መጠበቅ እችልበታለሁ» አለችኝ።

ኢፍቱ ስትወጣ ሐጂያ ትከሻዬን ይዛ ተነሳች።

«ሙና ነኝ። ሳላይሽ እምቢ ያልኩሽ። ሸሪክ ትፈልጊያለሽ ወይ ልልሽ መጣሁ።»

«የምን ሸሪክ? በሩም የለ፣ ቁልፉም የለ።»

«በር ይገዛል።»

ኢፍቱ አልሳቀችም። «ገንዘቡ አይደለም፣ ሐጂያ። እዚህ ደመወዝ በወሩ ይመጣል፤ ልጅ አለኝ። ደግሞ ወተታቸው የፈሰሰባቸውን ሴቶች ገበያ ላይ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። በምን ፊቴ ስጡኝ እላቸዋለሁ?»

ሐጂያ መልሱ የሷ እንዳልሆነ ታውቃለች። ኢፍቱ እኔን አየችኝ።

«እሷ አብራኝ ትውጣ። ዋሂል ድረስ፣ አንድ ወር ሙሉ። ያለ ወረቀት።»

«ትወጣለች» አለች ሐጂያ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

የመጀመሪያው ቀን ሲነጋጋ ሴቶቹ ጀሪካኖቻቸውን ይዘው መንገድ ዳር ቆመው አገኘናቸው። ኢፍቱ ከመኪናው ወርዳ ቆመች፤ እጇ የሚይዘው አጥቶ ድሪያዋን ይጨምቃል። አንዲት አሮጊት ቀረብ ብላ በኦሮምኛ፣ «በረዶሽ ሞተ አሉ» አለቻት።

«ሞተ» አለች ኢፍቱ።

«እኛ የሙት ፋቲሓ አልቀራንለትም፤ ሬሳውን አላየንም» አለች አሮጊቷ። ሴቶቹ ሳቁ። አሮጊቷ የራሷን ጀሪካን አንስታ መጀመሪያ መኪናው ላይ ጫነች። ስለፈሰሰው ወተት ማንም አላነሳም። ኢፍቱ ፊቷን ወደ ተራራው አዙራ ሻሿን ስታስተካክል ቆየች። እኔ ደግሞ ያለ ብዕርና ያለ ወረቀት ቆሜ፣ ያን ሁሉ ዓመት አይቻለሁ ስል የነበረውን ነገር ገና ማየት የጀመርኩ መሰለኝ።

ሁለት ፍሪዘርና የፀሐይ ሰሌዳ አስቀድሞ ተገዝቶ ነበር። በዚያው ቀን ኢፍቱ እጄን ይዛ በረዶው ውስጥ ነከረችው። ውጪ ድንጋዩ ይፋጃል፤ የእኔ ክንድ እስከ ክርኑ ደነዘዘ። ፀሐይ ሠራችው የተባለውን ቅዝቃዜ በጣቶቼ ነካሁ። ልጅ ሳለሁ ታቦት ሲያልፍ የሚሰማኝ ዓይነት ነገር ተሰማኝ፤ ጀሪካኑ ላይ ቁጭ አልኩ።

ግርማን አንድ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ማንንም ሳይጠይቅ ጠመንጃ መፍቻውን አውጥቶ ጫፉን ፍሪዘሩ ጀርባ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ የባቡር ቤት ልማዱ ነው። አብዲ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቀዋል።

«ይሄ ትንፋሽ አጥሮታል» አለ ግርማ። «ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁታል። ሙቀቱን የሚያወጣው በጀርባው ነው። አንድ ክንድ አርቁት። የፊተኛውም የሞተው በዚህ ይሆናል።»

አብዲ ገፋው። ድምፁ ወዲያው ረገበ። ኢፍቱ ግድግዳውንና ፍሪዘሩን፣ የተፈጠረውን ክፍተት፣ ለረጅም ጊዜ አየች። ሁለት ዓመቷን ያጣችው በአንድ ክንድ ነበር። እኔ ያን ቀን ፍሪዘሩን ከፍቼ፣ ግርማን አምጥቼ፣ አንድ ጥያቄ ጨምሬ ቢሆን ብዬ አሰብኩ። ዛሬም አስባለሁ። ዛሬ ኢፍቱ አምስት ፍሪዘርና ሁለት መኪና አላት፤ ሐጂያም ትርፏን ትካፈላለች፤ ያ ግን ያን አይሽረውም።

ወደ ቤት ስንመለስ ግርማ የሰፈራችን ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ። ሙቀቱ ነው አለኝ። አመንኩት።

ልቡ ነበር። ሕይወቱ ያለፈበት ሆስፒታል አንድ ፌስታል ሰጠኝ፤ ውስጡ መነጽሩ፣ ስልኩና ቁልፉ ነበሩ።

ሐዘንተኛው ሁሉ የተበተነበት ቀን ረቡዕ ነበር። ኢፍቱ ጾም መሆኑን ረስታ ወተት ይዛ መጣች፤ ራሷም አስታውሳ አፈረች። ሐጂያ በምርኩዝ መጥታ ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፣ ወንበር እምቢ ብላ፣ ምንጣፉ ላይ። ሁለቱን ልሸኝ በር ድረስ ወጣሁ። ከዚያ ልቆልፍ ሞከርኩ። ቁልፉ አልዞር አለኝ። በየት በኩል እንደሚዞር አላውቅም ነበር። ሁለቱም ቆመው አዩኝ፤ አንዳቸውም ልርዳሽ አላሉኝም። ሐጂያ አፏን ከፍታ ነበር፤ ልማዷን፣ ያን ጥያቄ፣ ልትለው መሰለኝ። መልሳ ዘጋችው።

የግርማን ጉልበት አስታወስኩ። በሩን በጉልበቴ ከፍ አደረግኩና ሁለቴ አዞርኩ። ያ ድምፅ መጣ።

በሳምንቱ ኢፍቱ አንድ ጥቁር ቀሚስ ይዛ መጣች። ፋብሪካው ስፌት አስተምሯታል፤ ራሷ ነው የሰፋችው። ጭኔ ላይ አስቀምጣ ወደ ወተቷ ሄደች። ለብሼው ሳስተካክል በቀኝ በኩል፣ እጄ ዝቅ ሲል በሚደርስበት ቦታ፣ ኪስ ነበረው። ጠለቅ ያለ፣ ድርብ ስፌት የተሰፋ ኪስ።

እየጻፍኩ ሳለሁም ቁልፉ እዚያ ነው።